ግማሹ አንቴና
(በዳግም መገናኛው ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ ተናገር» ብለውኝ ነበር። ስለ ሥራዬ ባወራ እራት ሳይቀርብ ትተኛላችሁ። ስለዚህ ሬዲዮ ተሸክሞ ተራራ ስለመውጣት ልንገራችሁ። ባለሙያ እንዳልመስላችሁ፤ ገና ጀማሪ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ አገር «ሰሚትስ ኦን ዚ ኤር»፣ በአጭሩ «ሶታ» የሚባል የአማተር ሬዲዮ ፕሮግራም ተጀመረ። ፈቃድ ያለው ሰው ሬዲዮውንና ባትሪውን ራሱ ተሸክሞ የተራራ ጫፍ ላይ ይወጣና «ማን ይሰማኛል?» ብሎ ይጣራል። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ማውራት አይቆጠርም፤ የነዳጅ ጄኔሬተርም ክልክል ነው። ነጥብ የሚያዘው ቢያንስ አራት ጣቢያዎች ሲመልሱለት ነው። ገንዘብ የለበትም። ባለቤቴ «ለነጥብ ብለህ ነው?» ስትል ለጠየቀችኝ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። 5 ኪሎ የማክስዌልን እኩልታዎች ለተጋፈጠ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔም እንደዚያ ብዬ ኮራሁ።

የመጀመሪያ ተራራዬ ሃውክስቢል ነበር። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከፍተኛው ጫፍ ነው፤ ከፍታው 1,234 ሜትር። አትሳቁ፣ የእንጦጦን ግማሽ እንኳ እንደማይደርስ አውቃለሁ። የያዝኩት ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ነው፤ ከካርቶኑ እንደወጣ፣ ከነአጭሯ የጎማ አንቴናው። በ146.52 ሜጋኸርትዝ መጣራት ጀመርኩ። ከዚያ ከፍታ የሬዲዮው አድማስ በሒሳብ እስከ 140 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጣራሁ። አንድ ሰው ብቻ «ድምፅህ ይቆራረጣል» ብሎኝ ጠፋ። ወረድኩ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ትዝ አለኝ። መምህራችን የሩብ ሞገድ አንቴና ሣሉ፤ ቀጥ ያለች መስመር፣ ከሥሯ መሬት። ከመሬቱ በታች ደግሞ ሌላ መስመር በነጠብጣብ ሣሉና «ልብ በሉ፣ ግማሹ አንቴና መሬቱ ነው» አሉን። እኔም ጻፍኩ፤ በፈተና መጣ፤ መለስኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለካ በእጄ የያዝኩት ሬዲዮ መሬት የለውም! ያለው ያቺ ትንሽዬ ቀፎውና የእኔ እጅ ብቻ ነው። 49 ሳንቲሜትር ያህል ተራ ሽቦ ቆረጥኩ፤ የዚያ ፍሪኩዌንሲ ሩብ ሞገድ መሆኑ ነው። አንዱን ጫፍ ከአንቴናው መሰኪያ የውጪ ቀለበት ጋር አገናኘሁና ሌላውን ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተውኩት። የጎደለው ግማሽ ይኸው ነበር። ወጪው ዜሮ።

በሐምሌ ተመለስኩ፤ የ15 ዓመቷ ልጄም አብራኝ ነበረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው መለሰልኝ። ሦስት! አንድ ብቻ ቀረኝ። በዚህ መሃል ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ ተሰማ። እኔ «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ» እያልኩ መጣራቴን ቀጠልኩ። ገላጣ አለት ላይ፣ የአካባቢው ከፍተኛ ቦታ ላይ፣ ሽቦ አንጠልጥዬ። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁም ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ እንዳለ የማውቅ ሰው ነኝ እኮ። ልጄ ቦርሳውን አነሳችና «አባዬ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ወረድን። ዝናቡ መንገድ ላይ አገኘን፤ ወደ ኋላ ስንዞር ጫፉ በደመና ተሸፍኖ ብልጭ ይል ነበር። ዐሥር ደቂቃ አዘግይቻታለሁ። ይህን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። በበጋቸው ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ አሁን ማለዳ ወጥቼ ከቀትር በፊት እወርዳለሁ።

በጥቅምት ማለዳ አራተኛውን አገኘሁ። ሽማግሌ ናቸው። አነጋገሬን ሰምተው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው፣ ከኢቲ3ኤኤ ጋር ተገናኝተው የማረጋገጫ ካርዱ ግድግዳቸው ላይ እንደተሰቀለ ነገሩኝ። ኢቲ3ኤኤ የማን የጥሪ ምልክት መሰላችሁ? የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ ያለውም እዚሁ 5 ኪሎ፣ እኛ በተማርንበት ግቢ። እኔ ይህን የሰማሁት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ቆሜ፣ ከማላውቃቸው ሰው ነው። ምን ልበላቸው? «አዎ፣ የእኛው ነው» አልኩና ዝም አልኩ።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአንቴና ትምህርት ስታስተምሩ፣ ከክለቡ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ፈቃዱም ተሟልቶ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹን እንጦጦ ውሰዷቸው። መጀመሪያ ያለ ሽቦዋ ይሞክሩት። መልስ ሲያጡ ለምን እንደሆነ አትንገሯቸው፤ ራሳቸው ይፈልጉት።

ሬዲዮዬን አላመጣሁም፤ እዚህ ለመጠቀም የአገሩ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ሽቦዋ ግን ኪሴ ውስጥ ናት። ማየት የሚፈልግ ከእራት በኋላ እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ያገኘኛል።