ዝምታና ዜሮ፦ የዝናብን ልክ በሽቦ አልባ ሬዲዮ ስለ መሰብሰብ



በኢትዮጵያ የዝናብ ልኬት የቆየ ሥርዓት አለው። ተመልካቹ ጠዋት በ3 ሰዓት በመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ ሰፍሮ በቅጽ ይመዘግባል፤ ወሩ ሲያልቅም ቅጹን ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይልካል። ይህ አሠራር የዕለቱን ድምር ይሰጣል፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በግማሽ ሰዓት ይውረድ ወይስ በ10 ሰዓት ግን አያስታውቅም። አፈሩን ጠርጎ የሚወስደው ደግሞ ድምሩ ብቻ ሳይሆን የአወራረዱ ኀይል ስለ ሆነ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ አጠገብ ለሚገኙት እንደ ቁይ ላሉ ደጋማ አገሮች ነገሩ የማሳ ጉዳይ ነው።

ልኬትን በሬዲዮ መላክ አዲስ ጥበብ አይደለም። ሩሲያዊው ሞልቻኖቭ እ.ኤ.አ. በ1930 በፊኛ ያሳፈረው መሣሪያ የሰማዩን ሙቀትና ግፊት እየለካ ወደ ምድር አስተላልፏል። ዛሬም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አውቶማቲክ ጣቢያዎች መረጃቸውን በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ይልካሉ።

የስልኩ መረብ በማይደርስበት ሸለቆ አነስተኛ ኀይል ያለው ሬዲዮ ሊተካው ይችላል፤ ሆኖም መልክዐ ምድሩ ይፈትነዋል። በ868 ሜጋኸርዝ ለሚሠራና 10 ኪሎ ሜትር ለሚሸፍን ግንኙነት፥ ሁለቱ አንቴናዎች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። በመካከለኛው ነጥብ ላይ ከቀጥታው መስመር ዙሪያ እስከ 29 ሜትር ያለው ስፍራ በአመዛኙ ከእንቅፋት ነጻ መሆን አለበት። በመካከል ያለ ጉብታ ወይም የባሕር ዛፍ ደን ሞገዱን ያዳክመዋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ዝምታን እንደ ዜሮ መቁጠር ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ መቋረጥ ከብርቱ ዝናብ ጋር አብረው ስለሚመጡ፥ መረጃው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። የጠፋው በዜሮ ከተሞላ፥ በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የሚነደፈው ቦይና ድልድይ ከሚገባው በታች ጠባብ ይሆናል።

ስለዚህ መሣሪያው እያንዳንዱን ልኬት ከሰዓቱና ከተራ ቁጥሩ ጋር በራሱ ማኅደር ያኑር፤ ዝናብ ባይኖርም በየጊዜው ደኅንነቱን ያስታውቅ፤ መረቡ ሲመለስም የቀረውን ይላክ። ተመልካቹም ከሥራው አይሰናበት። የመለኪያው አፍ በቅጠል ቢደፈን ሬዲዮው ሐሰተኛውን ዜሮ ሳያዛንፍ ያስተላልፋልና፥ ያንን የሚያስተውለው በአጠገቡ ያለ ሰው ነው።