ከጓንዡ እስከ ዪዉ በባቡር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ቻይና ሄደሽ ያየሽውን አጫውችን» ካለችኝ ቆይታለች። ስሸሽ የከረምኩት የማወራው አጥቼ አይደለም፤ መጨረሻው እኔኑ ስለሚነካኝ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጭሮ ላይ የአንዲት ነጋዴ ሂሳብ እሠራ ነበር። ዕቃ ልታመጣ ስትነሳ «አንቺ ደረሰኙን ትይዢልኛለሽ» ብላ ይዛኝ ሄደች። እኔ ቻይናን የማውቃት ገበያችን ላይ በሚዘረጋው ዕቃ ነበር፤ ሁለት ዝናብ በማይችል ጃንጥላ፣ ሶሉ በወሩ በሚላቀቅ ጫማ። አገሩም እንደ ዕቃው ጥድፍድፍ ያለ መስሎኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን በቀጥታ ጓንዡ ገባን። የከተማው ማማ 600 ሜትር ነው፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ጫፉን ስፈልግ ነጠላዬ ወደቀ። ባቡሩ ከመሬት በታች ይሄዳል። ከሁሉ የገረመችኝ ግን መንገድ ዳር ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት ናት። የወረቀት ብራቸውን ስዘረጋላት ካርቶን ላይ የተለጠፈ ምልክት አሳየችኝ፤ ለካ ሰዉ ምልክቱን በስልኩ አንስቶ ነው የሚከፍል። አሠሪዬ ስቃ «እዚህ ገጠሬዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው።

ከዚያ ወደ ዪዉ ተጓዝን። ዪዉ የዓለም ነጋዴ የሚጎርፍባት የገበያ ከተማ ናት፤ ከጓንዡ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጣቢያው ፓስፖርታችንን አይቶ አስገባን። እኔ እንደ መናኸሪያ ልማዴ ሮጬ ወንበር ልይዝ ስል አንዲት ሴት ቲኬቴ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ። ተነሣን። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ፍጥነቱን ይጽፋል፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲል የያዝኩት ውኃ ግን አልተንቀሳቀሰም። በየፉርጎው የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ። ያቺው ሴት ፔርሙዟን ሞልታ መጣች። ከብዙ ሰዓት በኋላ ስትከፍተው እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። እኔም በልቤ፣ ይኼ የቻይና ሊሆን አይችልም አልኩ። ቻይና ውስጥ ተቀምጬ!

በማግስቱ ዪዉ ገበያ ውስጥ ሻጯ ሦስት ፔርሙዝ ደረደረችልን። መልካቸው አንድ፣ ዋጋቸው ሦስት ዓይነት። በካልኩሌተሯ ላይ ዋጋውን እየጻፈች ልዩነቱን በእጇ አስረዳችን፤ የመጀመሪያው ከባድ ነው፣ ሦስተኛው ሲያንኳኩት እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። አሠሪዬ ሦስተኛውን አነሳች። አልፈርድባትም። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ነበር፤ እሱም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። ደንበኛ ደግሞ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ብቻ ብዛቱንና ዋጋውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትርፉንም አስልቼ «ጥሩ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ።

ከተመለስን በኋላ እናቴ ከመሰላ ገበያ ያንኑ ፔርሙዝ ገዝታ አገኘኋት። ለሆጃ ነበር የገዛችው። ጠዋት የሞላችበት ከረፋዱ ይቀዘቅዛል። «የቻይና ነገር!» ብላ ወረወረችው። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አሁን ግን እዚያ ጥግ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው።

እማዬ፣ ሌሎቹን ሁለቱን አይቻቸው ነበር።

ጎረቤታችን ሚኤሶን እዩ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የዘረጉት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ደወሌ። ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከመውን ሐዲድና የእናቴን ፔርሙዝ የሠራው አንድ አገር ነው። ልዩነቱ የታዘዘው ነገር ነው።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የልብስ ስፌት መኪና ልንገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበናል። እንደ ልማዳችን ዝቅተኛውን ዋጋ አንብቤ ላስጨበጭብ ነበር የመጣሁት። ሦስቱም የቻይና ናቸው፤ ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። እንደ ሂሳብ ሠራተኛችሁ የምጠይቀው፣ ዛሬ አንወስን። ከመካከላችን መስፋት የሚችሉ ሁለት ሴቶች ጭሮ ወርደው፣ ወፍራም ጨርቅ ይዘው፣ ሦስቱንም ይሞክሯቸው። የትራንስፖርቱን ወጪ እኔ እችላለሁ።

ፕሮፎርማዎቹ እነዚህ ናቸው። ቡናው እስኪደርስ ተቀባበሏቸው፤ ማን እንደሚሄድም እዚሁ እንምረጥ።