ሐኪምም እንቅልፍ ያስፈልገዋል



በሽተኛ ልንጠይቅ ሄደን ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ፊቱን አጥቁሮ ሲመልስልን እንቀየማለን። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ቆሞ ማደሩን ግን ማን ጠየቀ?

ነገሩ ፈረንጅ አገርም አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ በትኩሳት ሆስፒታል ገብታ በማግስቱ ሞተች። ያከሟት ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ቀድሞ ትወስደው ከነበረው መድኃኒት ጋር የማይስማማ መድኃኒትም ተሰጥቷት ነበር። ጋዜጠኛው አባቷ፣ ሠልጣኝ ሐኪም እስከ 36 ሰዓት ያለ እንቅልፍ መሥራቱን አጥብቆ ተቃወመ። በ1989 የኒውዮርክ መንግሥት ሥራቸው በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ። የ80 ሰዓቱ ወሰን በ2003 ለመላው አሜሪካ ተዳረሰ። 80 ሰዓትም ቢሆን እኮ የሁለት ሰው ሥራ ነው!

እኛ ደንብ አናወጣም። ነገር ግን ስናስታምም፣ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈን እንያዝ፤ ተረኛ በተለወጠ ቁጥርም እናሳይ። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ቢዘነጋ ወረቀቱ ያስታውሰዋል። ዕድር ለመቅበር ብቻ አይደለም፤ ለማዳንም ነው።