የአንድ ሌሊት እንግዳና የዐሥራ ሦስት ዓመት እንግዳ

(ሰኔ 13 የሚከበረውን የዓለም የስደተኞች ቀን ምክንያት በማድረግ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ይናገራል ሲባል ብዙዎቻችሁ የዓመቱን የቁጠባ ሪፖርት ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱ ከምሳ በኋላ ነው፤ ወረቀቱም ተባዝቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አሁን የምንናገረው በአጀንዳው በአራተኛ ተራ ስለተያዘው ጉዳይ ነው። በሰፈራችን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ስደተኛ እህቶች በቁጠባና ብድር ቡድኖቻችን መግባት እንፈልጋለን ብለው ጠይቀውናል። መተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ አዲስ አባል የቀበሌ መታወቂያና አንድ የአካባቢ ዋስ እንድታቀርብ ያዛል። እነሱ የያዙት የስደተኛ መታወቂያ ነው። ዋስ የሚሆን ዘመድም አብዛኞቹ የላቸውም። ደንብ የሚያሻሽለው ጉባኤው ስለሆነ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ እኛ ሐሳባችንን ብቻ እናቀርባለን።

ባህላችን ለእንግዳ ክፉ አይደለም። እንግዳ ሲገባ «ቤት ለእንግዳ» ብለን ከመቀመጫችን እንነሳለን። መሽቶበት በር ያንኳኳ ሰው የእግዜር እንግዳ ነው፤ እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀምሳል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። ስደተኛ ግን ሲነጋ የሚሄድበት የለውም። ይወልዳል፣ ይታመማል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሟቹን ይቀብራል። ለአንድ ሌሊት እንግዳ እንጀራና መኝታ ይበቃል። ዓመታት ለሚቆየው ምን እንደሚያስፈልግ ግን ወጋችን ብዙም አልነገረን።

ይህን ስናስብ ሁላችንም የምናውቀውን የንጉሥ ነጃሺን ታሪክ እንደገና አነበብነው። አብዛኞቻችን የሰማነው ንጉሡ ቸር ነበር፣ ስደተኞቹን ተቀበለ፣ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጠም በሚል ያልቃል። እውነት ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሴቶችም አሉ፤ እነሱን ተከትለን ስናነብ ሌላ ነገር አገኘን።

ታሪኩን ያቆዩልን የሙስሊም ጸሐፊዎች ናቸው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ መካ ውስጥ አዲሱን እምነት የተቀበሉ ሰዎች ይደበደቡና ይታሰሩ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ ከባሕሩ ማዶ፣ በሐበሻ ምድር፣ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ወደዚያ እንዲሄዱ መከሯቸው። መጀመሪያ የተሻገሩት ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ሲሆኑ ከእነሱ መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ከባሏ ከዑስማን ጋር ነበረች። ብዙም ሳይቆዩ የመካ ሰዎች አምነዋል የሚል ወሬ ደረሳቸውና የተመለሱ ነበሩ። ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የስደተኛ ጆሮ ለአገር ቤት ወሬ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ውጭ አገር ዘመድ ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው በጣም ይበልጥ ነበር፤ ወንዶቹ ብቻ ሰማንያ ያህል ነበሩ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ተከትለዋል።

የቁረይሽ መሪዎች ሁለት መልእክተኞች ላኩባቸው። አንደኛው ኋላ ግብፅን የያዘው ዐምር ኢብን አል ዓስ ነው። የመካ ቆዳ በሐበሻ ይወደድ ስለነበር ቆዳ ጭነው መጡ፤ ከንጉሡ በፊት ለእያንዳንዱ የቤተ መንግሥት ሹም እጅ መንሻውን ሰጡ። የጠየቁትም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክባቸው ነበር። ሹማምንቱ ይሁን አሉ። ንጉሡ ግን ተቆጣ፤ ወደ እኔ የተጠጉትን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አልሰጥም አለ። ተጠሩ። ጀዕፈር የተባለው ሰው ስለ ሁሉም ተናገረ፤ ስለ እመቤታችን ማርያም የሚናገረውንም የቁርኣን ክፍል አነበበ። በማግስቱ ዐምር በሌላ ክስ ቢመለስም አልተሳካለትም። እጅ መንሻው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ይህች ከታሪኩ ሁሉ ትገርመናለች፤ የተቀበሉትን ንብረት መመለስ በቃል እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

ይህን የችሎት ታሪክ ለትውልድ የነገረችው ሴት ናት፤ ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰላማ። ንጉሡ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራቸው እንደዚያ ያለ ጭንቀት ደርሶብን አያውቅም ብላለች። ሌላም ነገር ጨምራለች። በነጃሺ ላይ ዙፋኑን የሚፈልግ ሰው ተነሳበት፤ ጦርነቱም ከወንዝ ማዶ ሆነ። ስደተኞቹ ንጉሡ ቢሸነፍ የሚመጣው መብታችንን አያውቅልንም ብለው ፈሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዙበይር በተነፋ ስልቻ ላይ ደረቱን አስደግፎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፣ ውጊያውን አየ፣ ንጉሡ ማሸነፉንም ልብሱን እያውለበለበ አበሰራቸው። ስደተኛ የራሱን አገር ጦርነት ብቻ አይደለም የሚፈራው።

በጣም የያዘችን ግን ኡሙ ሐቢባ ናት። አባቷ አቡ ሱፍያን ነቢዩን ከሚቃወሙት የመካ መሪዎች ዋነኛው ነበር። ከባሏ ጋር ተሰደደች። ባሏ እዚህ ሐበሻ ምድር ሃይማኖቱን ለወጠ፣ ከዚያም ሞተ። እንግዲህ አስቡት፤ ባል የለም፣ አባት ቤት አሳዳጅ ቤት ነው፣ በእጇ ልጅ አለች፣ አገሩ የሰው አገር ነው። ዋስ አምጪ ብንላት ማንን ትጠራ ነበር?

የሆነው እንዲህ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ሊያገቧት ፈልገው ወደ ነጃሺ ላኩ። ንጉሡ አንዲት አገልጋይ ልኮ ጠየቃት፤ እሷም ከስደተኞቹ አንዱን ወኪል አደረገች። ጥሎሹን፣ አራት መቶ የወርቅ ዲናር፣ ንጉሡ ከራሱ ከፈለ። የዚያን ጊዜ የሮም የወርቅ ገንዘብ ከ4 ግራም በላይ ይመዝን ነበር፤ ዲናሩ ያው ከሆነ ስናባዛው ከ1.6 ኪሎ የበለጠ ወርቅ ይሆናል። ለአገልጋይዋ ከዚህ ላይ ልትሰጣት ብትል አልቀበልም እንዳለችና ቀድሞ የተሰጣትንም ጌጥ እንደመለሰች፣ የንጉሡ ሴቶችም ሽቶ እንደላኩላት ተጽፏል። እኛ ወርቁን በሌላ ዓይን አየነው። ለባልቴቷ የተሰጣት ምጽዋት አልነበረም፤ በስሟ የተከፈለ፣ በወኪል የተረከበችው፣ የራሷ የሆነ ገንዘብ ነበር።

የጀዕፈር ሚስት አስማእ ደግሞ እዚህ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደች። ወደ ዐረብ አገር የተመለሱት በ628 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ስትመለስ ዑመር ቀድመናችኋልና እኛ እንበልጣለን ቢላት ተቆጣች። እናንተ የተራበውን ከሚያበላ፣ የማያውቀውን ከሚያስተምር መሪ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር እየፈራን ቆየን ብላ ለነቢዩ ከሰሰች። እሳቸውም ለዑመርና ለባልንጀሮቹ አንድ ስደት፣ ለእናንተ ግን ሁለት አላችሁ ብለው ፈረዱላት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልን። እኛ በታሪኩ የምንኮራ ባለቤቶች ነን፤ እንግዳዋ ግን በዚያ ደግ ንጉሥ አገር እንኳ ስትፈራ ነበር የኖረችው። ይህንን ከእሷ አፍ መስማት ለአስተናጋጅ ደስ አይልም፣ ይጠቅማል ግን።

ሁሉ ሐዘን አልነበረም። እዚህ አድጋ የተመለሰች ኡሙ ኻሊድ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ነቢዩ ጥለት ያለው ልብስ አለበሷትና በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት ይባላል፤ ያማረ ማለት ነው። በግዕዝ «ሠናይ» የምንለው ይመስለናል። ሕፃናት ከአስተናጋጁ አገር ቋንቋውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰፈራችን ውስጥ ለእናቶቻቸው አማርኛ የሚያስተረጉሙ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆችን ያያችሁ ታውቃላችሁ።

ከነጃሺ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1924 እ.ኤ.አ.፣ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ በአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። ከዘር ጭፍጨፋው የተረፉ ነበሩ፤ የሙዚቃ ባንድም ነበራቸው። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» እንላቸዋለን። የመጡት ሊመጸወቱ አልነበረም፣ ሥራና ደመወዝ ተሰጣቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው።

እኛም በተራችን ወጥተናል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ኬንያና ወደ ሱዳን የተሻገሩ ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ስንቱ በእግሩ ሱዳን ገባ! ገዳሪፍ አቅራቢያ ኡም ራኩባ የሚባል መጠለያ አለ። በሰባ ሰባቱ ረኃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ የሸሹትን ተቀበለ። ሁለት ትውልድ፣ አንድ መጠለያ። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ መንገዱ ተገላበጠ፤ ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ ወደኛ ገቡ። ያበላን ሰው ቤታችን ደረሰ።

ሕጉስ ምን ይላል? ሰውን ወደሚያሳድዱት መመለስ እንደማይገባ የ1951ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይደነግጋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በስም ተለይቶ የሚሳደደውን ብቻ ሳይሆን ከጦርነትና ከከባድ የጸጥታ መደፍረስ የሸሸውንም ስደተኛ ብሎ ይቀበላል። የራሳችን አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ከዚህ ወደፊት ሄዶ ስደተኛ መሥራት፣ በባንክ አገልግሎት መጠቀም፣ ልጅ ሲወለድ ማስመዝገብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ዛሬ በአገራችን ያሉት ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ። ወረቀት ላይ ያለ መብት መስኮት ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ጥያቄ ካቀረቡልን እህቶች አንዷ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ገንዘቧን አሁንም በፍራሽ ሥር ታስቀምጣለች። ፍራሽ ሥር ያለ ገንዘብ ለባል ቁጣ፣ ለእሳትም፣ ለሌባም ቅርብ መሆኑን ይህ ማኅበር ሲመሠረት የነበራችሁ እናቶች ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ተቃውሞዎችን ሰምተናል፤ ቀላል አይደሉም። ነገ ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄዱ ብድሩን ማን ይከፍላል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ አባላትም አሉን፤ ለእነሱ የምንጠቀምበት አሠራር አለ፤ ሲወጡ ቁጠባቸው ከብድራቸው ይቀነሳል። ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ስደተኛዋ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ቆጥባ ብቻ እንድትቆይ፣ ከዚያ የምትበደረው ከቁጠባዋ እጥፍ እንዳይበልጥ፣ በአካባቢ ዋስ ፈንታም አምስት የቡድን ጓደኞቿ እርስ በርስ ዋስ እንዲሆኑ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በሚለው ላይ «ወይም ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የተሰጠ ሕጋዊ መታወቂያ» የሚል ሐረግ ይጨመራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኛ ለራሳችን ያልበቃ ገንዘብ የሚል ነው። ይህን ያለችን እናት ሦስት ልጆች በጉሊት የምታሳድግ ናት፤ ልንቆጣት አይገባም። የምንመልስላት በሒሳብ ነው። የብድር ፈንዳችን ከሁለት ምንጭ ይመጣል፤ ከአባላት ቁጠባና ከለጋሾች። ለነባር አባላት ተብሎ የተሰጠ የለጋሽ ገንዘብ ለሌላ አይነካም፤ መዝገቡም ለብቻው ይያዛል። አዲሶቹ የሚበደሩት ራሳቸው ካስገቡት ቁጠባ ነው። ለጋሾቻችን ፈቅዳችሁ ለዚህ ቡድን የምትጨምሩ ከሆነ በሌላ ዓምድ እናስገባዋለን፣ በየሩብ ዓመቱም ታዩታላችሁ።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። ማኅበራችንን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ስደተኛ ሙሉ አባል ሆና ድምፅ መስጠት ትችል እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ተባባሪ አባል ተብለው እንዲቆጥቡ ነው ረቂቁ የሚለው።

ረቂቁ አሁን በጸሐፊዋ ይነበባል። ከጠየቁት እህቶች ሦስቱ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ገብተው ራሳቸው እንዲናገሩ ሰብሳቢያችንን ጠይቀን ፈቅደውልናል። አንደኛዋ አማርኛ ትችላለች፤ ለሌሎቹ ታስተረጉማለች። እባካችሁ ከፊት ሦስት ወንበር ልቀቁላቸው።