በደጃችን የቀረበ መድኃኒት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፥ ኮምፒዩተር ወይም የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በየጊዜው ስለሚደርሰው አንድ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው «አዲስ ማደሻ መጥቶአልና ተቀበል» የሚል ሲሆን፥ በተለምዶ አፕዴት እንለዋለን። አብዛኞቻችን ግን ሥራችንን ያቋርጥብናል፥ የኢንተርኔት ሒሳባችንንም ይጨርስብናል በማለት «ነገ፥ ነገ» እያልን እናሳልፈዋለን። ይህ «ነገ» ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ እውነተኛ ታሪክ አለ።

ሶፍትዌር የሰው እጅ ሥራ ስለ ሆነ ጉድለት አያጣም፤ ጉድለቱም ሌሊት ሳይዘጋ እንዳደረ መስኮት ለሌባ መግቢያ ይሆናል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘውን አንድ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚደፍን ማደሻ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፥ በዚያው ቀዳዳ ለመግባት የሚያገለግል መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ በይፋ ተበተነ። ግንቦት 4 ቀን፥ ማለት ማደሻው በወጣ በ59ኛው ቀን፥ ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ተነሣ።

ይህ ፕሮግራም ማንም ሰው አንዲት ቁልፍ ሳይነካ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ራሱ ይሻገር ነበር። ያገኘውንም ጽሑፍና መዝገብ ሁሉ ይቈልፍና ለመክፈቻው 300 ዶላር የሚያህል ገንዘብ በቢትኮይን ይጠይቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 የማያንሱ ኮምፒዩተሮችን እንደ ያዘ ተገምቶአል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች የደረሰው ነው። ሐኪሞች የሕሙማንን መዝገብ ማየት ተሳናቸው፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሐኪም ቤት እንዲዞሩ ተደረገ፤ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎችም እንደ ተሰረዙ ተገመተ። በኋላ የአገሩ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነገሩን ሲመረምር፥ በፕሮግራሙ የተያዙት የጤና ድርጅቶች ሁሉ ማደሻውን ሳይቀበሉ የቀሩ ወይም ጊዜ ባለፈበት ዊንዶውስ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደለምን?

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ማደሻ መውጣቱን የሚሰማው ባለ ንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ሌባውም ይሰማል፥ ቀዳዳው የት እንደ ነበረም ከማደሻው ይማራል። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ እሽቅድምድም ላይ ናቸው። ሁለተኛ፥ ያልታደሰ ኮምፒዩተር የጎረቤትንም ቤት የሚያቃጥል እሳት ነውና፥ ቸልተኛው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

«ማደሻውስ ራሱ ጉዳት አምጥቶ አያውቅምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው ስሕተት ያለበት ማደሻ 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ ኮምፒዩተሮችን አቁሞ፥ ብዙ የአውሮፕላን በረራ አስተጓጉሎአል። ይህ ግን ማደሻን አስቀድሞ በጥቂት መሣሪያ ላይ መፈተን እንደሚገባ ያስተምራል እንጂ፥ ፈጽሞ መተውን አያስተምርም።

በአገራችንም ዛሬ ገንዘባችን፥ የቤተ ሰባችን ፎቶግራፍና ምስጢራችን በስልካችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ማደሻው ራሱ እንዲገባ ስልካችሁንና ኮምፒዩተራችሁን አዘጋጁ፤ የኢንተርኔት ሒሳብ የሚከብዳችሁም ዋይፋይ ባለበት ሥፍራ አድሱ። ማደሻን ከመሣሪያው ማስተካከያ ገጽ ብቻ ተቀበሉ እንጂ፥ በድንገት ብቅ ብሎ «ይህን ጫን» የሚላችሁን አትመኑ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ በእርሱ የምትሠሩ መላ ፈልጉ። ዋና ዋና ጽሑፋችሁንም በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ ከኮምፒዩተሩ ነቅላችሁ አኑሩ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጎጆ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ያ ማስታወቂያ ሲመጣ «ነገ» አትበሉት።