ከ«ሆድ ይፍጀው» እስከ ማተሚያ ቤት



ከአንድ የቤት ቃል ልነሳ። ሰው የደረሰበትን ሊናገር አፉን ሲከፍት አጠገቡ ያለው ቶሎ ብሎ «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው» ይለዋል። ይህን ያልተባለ፣ ይህን ያላለ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በአባባሉ ሆድ ኃይለኛ ነው፤ መከራው ይገባበታል፣ ይፈጨዋል፣ ያልቃል። እኔ በአርታኢነት ሥራዬ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ መከራው ሆዱን ሲፈጀው ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ደብተር ይዘው ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ እጃቸውን ግን ከላዩ ቶሎ አያነሡም።

የዛሬው ወሬዬ እንዲህ ያለው ደብተር እንዴት መጽሐፍ እንደሆነ፣ በእኛ አገር ደግሞ ለምን ይህን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ነው።

በድሮው ዘመን ሕመም የሚወጣበት በር አልነበረም ማለቴ አይደለም። የንስሐ አባት ነበረ፤ የሰማውን ይዞት መቃብር ይወርዳል። ሙሾም ነበረ። ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ሕይወት፣ የባልቴቷን በደል፣ ዘመድ ያደረገውንና ያላደረገውን ሁሉ በግጥም ታወጣው ነበር። ስለ ግለ ታሪክ ስናወራ ይህንን መርሳታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሙሾ ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የሕመሙ ባለቤት ሌላ፣ አፉ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። በማግስቱ ገበያ ላይ አልቃሿን ይዞ «ትናንት ያልሽው ምን ነበር?» የሚላት የለም። ወረቀት እንዲህ አያደርግም፤ በማግስቱም እዚያው ነው።

በጽሑፉ በኩል ገድል ነበረን፣ ዜና መዋዕል ነበረን። ጻድቁ የራሱን ገድል አይጽፍም፤ ደቀ መዝሙሩ ነው የሚጽፍለት። ንጉሡም የራሱን ዜና መዋዕል አይጽፍም። ስደቱን፣ ረኃቡን፣ ዋሻ ውስጥ መደበቁን «እኔ» እያለ የሚተርክ አንድ የግእዝ ሐተታ አለን፤ የዘርዐ ያዕቆብ የሚባለው። እሱም ጣልያናዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካወጣው በኋላ «ጽሑፉ የሐበሻው ነው ወይስ የመነኩሴው?» እየተባለ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። እኔን የሚያስቀኝ፣ «እኔ» ባዩን አንዱን ስናገኝ የእሱንም ባለቤት መጠራጠራችን ነው።

ከዚያ የጣልያን ጦርነት መጣ።

ስደትና ግዞት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ጸሐፊ አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን መጻፍ የጀመሩት በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ በስደት ላይ ሳሉ ነው። አማርኛው የታተመው በ1965 ዓ.ም. ነው። ቁጥሮቹን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ። ልዑል ራስ እምሩ በጣልያን ደሴት በፖንዛ ታስረው ከርመዋል፤ የእሳቸው መጽሐፍ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል። የደጃዝማች ከበደ ተሰማ ደግሞ «የታሪክ ማስታወሻ» ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ተብሎ ወጥቷል።

እነዚህን ርዕሶች እስቲ አንድ ላይ ስሟቸው። ያየሁት፣ ማስታወሻ፣ ታሪክ። ዓይን አለ፤ ሆድ የለም። ጸሐፊው ራሱን የሚያቀርበው እንደ ምስክር ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህን አይቻለሁ» እንደሚል ሰው። «ይህ ደርሶብኛል፣ እንዲህም አድርጎኛል» ማለት ነውር ነበር፤ የጨዋ ልጅ አያደርገውም። የመኳንንቱን ትዝታ ስታነቡ ልጅ ይሞታል፣ ሚስት ትሞታለች፣ ሁለት መስመር ነው፤ ከዚያ ሹመቱ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳነብ ልበ ደንዳናነት መስሎኝ ነበር። አሁን እነዚያ ሁለት መስመሮች የሚበዙብኝ ጊዜ አለ።

ተመስገን ገብሬን ግን ለይቼ ላንሣው፣ ምክንያቱም ይህንን ልማድ የጣሰው ቀድሞ ነው። ተመስገንን ብዙዎቻችሁ «የጉለሌው ሰካራም»ን በጻፈበት ታውቁታላችሁ፤ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕለት አዲስ አበባ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ከተማው ላይ የወረደውን አይቷል፤ በኋላም ወደ ሱዳን አምልጧል። የኢትዮጵያ መንግሥት የዚያን እልቂት ሟቾች 30,000 ይላቸዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በቁጥር ግን ማንም አልቅሶ አያውቅም። የተመስገን «ሕይወቴ» ቁጥሩን ወደ ሰው ይመልሰዋል፤ የፈራ ሰው፣ የተጠማ ሰው፣ አጠገቡ ያለው ሲወድቅ ያየ ሰው። ርዕሱም «ካየሁት» አይደለም፤ «ሕይወቴ» ብቻ ነው።

ተመስገን በ1941 ዓ.ም. አረፈ። መጽሐፉ ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው በ2001 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት! ያ ረቂቅ ሦስት መንግሥት አሳልፏል ማለት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም እንዲሁ ናቸው። በጦርነቱ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ተማርከው ጣልያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። ከተፈቱ በኋላ ዲፕሎማት ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰጡን። የጦርነቱንና የምርኮውን ነገር የያዘው «ትዝታ» የወጣው ግን በ1985 ዓ.ም.፣ በሽምግልናቸው ነው። በልብ ወለድ የበዛብህንና የሰብለን መከራ ለመጻፍ ያልከበዳቸው ሰው የራሳቸውን ለማውጣት ከሃምሳ ዓመት በላይ ወሰደባቸው።

ልብ ወለድ ለእኛ መሸሸጊያም ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ባሰ። ሳንሱር ባለበት አገር «እኔ ላይ ደረሰ» ብሎ መጻፍ ራስን መጠቆም ነው። በዓሉ ግርማ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ያየውን «ኦሮማይ» ብሎ በልብ ወለድ ጻፈው። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለዱም መሸሸጊያ አልሆነውም።

የገጣሚውን የነቢይ መኮንንን ነገር ደግሞ ባወራሁት ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚሆንብኝ። ነቢይ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ይተረጉማል። ወረቀት የለም። ያለው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችው ስስ ወረቀት ናት፤ ሲጋራው ካለቀ በኋላ ተላጥታ፣ በእጅ ተለስልሳ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ትሞላለች። ወደ 3,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቁራጮች ተጽፈው፣ ተመልሰው ፓኮ ውስጥ ገብተው፣ በሚወጣ ሰው እጅ ከእስር ቤት ወጡ። ነቢይ ሲፈታ ከየሰዉ ቤት ለቅሞ ሰበሰባቸው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሆነው ያ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በራሱ ላይ የወረደውን መጻፍ በማይችልበት ቤት ተቀምጦ፣ የአሜሪካን የርስ በርስ ጦርነት፣ የሌላ አገር ሴት ረኃብና ቁጭት ነው በአማርኛ የሚጽፈው። ትርጉም ነው ይባላል፤ ነው። እኔ ግን ከግለ ታሪኮቻችን መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ቁጥሮቹን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከ1929 እስከ 1965። ከ1929 እስከ 1985። ከ1941 እስከ 2001። ሁልጊዜ «ሐበሻ ምሥጢረኛ ነው፣ ገመናውን አያወጣም» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከጸሐፊው ጋር አይደለም፤ ከሰሚው ጋር ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ጣልያናዊው ጸሐፊ ፕሪሞ ሌቪ ከናዚዎቹ የሞት ካምፕ ከአውሽዊትዝ ተርፎ ቱሪን እንደገባ ወዲያው ነው የጻፈው። ትልቁ አሳታሚ ኤይናውዲ መለሰበት። በ1947 እ.ኤ.አ. አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት 2,500 ቅጂ አተመለት፤ እሱም አልቆ አልተሸጠም። ያው ኤይናውዲ ተቀብሎ ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ቤቱን ሊጠግን፣ ሊያገባ፣ ሊወልድ ነው የሚፈልገው፤ የሞት ካምፕ ወሬ ማን ይስማ? ጸሐፊው ሰዓቱን ጠብቆ ደርሷል፤ የዘገየው ሰሚው ነበር።

የእኛ ሰሚ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ሳንሱርን ሲያነሣ ትንሽ ጆሮውን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ ነው። የኢሕአፓ ሰዎች ጻፉ፣ ወታደሮች ጻፉ። ሹማምንቱም ጻፉ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ «ትግላችን»፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» አሉ። እነዚህንም አነባለሁ፣ ለታሪክ ይጠቅማሉ። ነገር ግን በባለሥልጣን መጽሐፍ ውስጥ «እኛ» የሚለው ቃል ጥፋት በመጣ ቁጥር ሲወፍር፣ ሙገሳ ሲመጣ «እኔ» ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። አርታኢ ይህንን በቀይ እስክሪብቶ ያከብበዋል።

ከዚያ ጎርፍ ውስጥ ለእኔ መንገዱን ያቀናችው ሕይወት ተፈራ ናት። መጽሐፏ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ አማርኛው «ማማ በሰማይ» ነው። ተማሪ ሆና የወደደችውን ጌታቸው ማሩን የገዛ ድርጅቱ ኢሕአፓ ገደለው። እሷን ደግሞ ደርግ አሰራት፣ ለዓመታት። ከወዳጅም ከጠላትም የተወጋ ሰው ወዴት ዞሮ ያለቅሳል? ደርግን ብቻ ብትወቅስ አጨብጫቢ አታጣም ነበር። እሷ ግን የፍቅሩን ቀን በፍቅሩ ቀን ሙቀት፣ የሞኝነቱን ቀን በሞኝነቱ ጻፈችው፤ የያኔዋን ልጅ በዛሬው ብልጠቷ አላረመቻትም። ይህ ከሁሉ የሚከብደው የሙያው ክፍል ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ መጻፏንም እረዳዋለሁ። የተሰደቡበት፣ የተገረፉበት፣ የተወደዱበት ቋንቋ ያቃጥላል፤ በባዕድ ቋንቋ ድስቱን በጨርቅ እንደመያዝ ነው።

ከአማርኛ የተነጠቀም አለ። ገጣሚው ለምን ሲሳይ ከኢትዮጵያዊት ተማሪ እናት በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተወለደ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው የራሱን ስም ኖርማን ብሎ አወጣለትና ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጠው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ከዚያ ከማሳደጊያ ማሳደጊያ። ሊወጣ ሲል ነው እውነተኛ ስሙንና እናቱ በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ ያየው። የዊጋን ከተማ አስተዳደር መዝገቡን የሰጠው ግን ከስንት ዓመት ሙግት በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ከዚያ መዝገብ ገጾችን አትሞ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ ልጁ ከጻፈው ሥር ልጁ ራሱ መልስ ይሰጣል። የእንግሊዝኛው ርዕስ «ስሜ ለምን ነው» እንደማለት ነው። እንግሊዙ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እኛ አንፈልግም።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሦስት ደብተር ይዘውልኝ መጡ። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። የጠቆመው የሰፈር ሰው ነው፣ ያውቁታል። በመጀመሪያው ረቂቅ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። በሁለተኛው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ቀርታለች። በሦስተኛው «አንድ ሰው» ይላል። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እኮ አንድ እድር ነን» አሉኝ። «እናቴ ስትሞት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። ሬሳዋን ከፊት ሆኖ ተሸክሟል። ምን ልበል?» እኔ ስሙ ይመለስ ባይ ነበርኩ፤ ብዙ ተከራከርን፣ ተሸነፍኩ። ማሳተሚያውን ከጡረታቸው ቆጥበው ከፈሉ፤ እዚህ አገር ትዝታውን የሚያሳትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙንም ሒሳቡንም የሚከፍለው ራሱ ነው።

በምረቃው ቀን ለማስፈረም የተሰለፈው ሰው ጥቂት ነበር። ከኋላ አንድ ኮፍያ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። መምህርቷ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ብዕሩ እጃቸው ላይ ቆመ፤ ያን ጊዜ ማን እንደሆኑ ገባኝ። ሰውዬው መጽሐፉን ገልጠው አቀረቡላቸው።

«በማን ስም ልፈርም?» አሉ መምህርቷ፣ አርባ ዓመት የሚያውቁትን ሰው።

«ለልጄ ነው» አሉና የልጃቸውን ስም ነገሯቸው።

ፈረሙላቸው። ሽማግሌው ዋጋውን ከፍለው፣ መልሱን ሳይቀበሉ ወጡ።