ለስኳር በሽተኛ የምትደርስ ነርስ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው የስኳር በሽተኞችን ለመጠበቅ ስለሚሠለጥኑ ነርሶች ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ቢታይም፥ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሠራተኛ የሚመድብና የሚያዛውር ሰው ሁሉ የሚጠየቅበት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ኢንሱሊን የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ነው። በሚከተለው ዓመት በጥር ወር አንድ የ14 ዓመት ልጅ መድኃኒቱን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት የተሳነው ልጅ ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ለሳምንት ተወስዶ የሚተው ሳይሆን፥ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚወጉት ነው። ሐኪም በየቀኑ ከበሽተኛው ቤት ሊገኝ ስለማይችል፥ በሽተኛው ለራሱ ሐኪም መሆን ይገባዋል፤ ይህንንም የምታስተምረው ነርስ ናት።

እንግዲህ ነርሲቱ ምን ልትማር ይገባታል? መርፌ መውጋቱ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ማስተማሩ ነው። ኢንሱሊንን ሙቀትም ሆነ ከመጠን ያለፈ ብርድ የሚያበላሸው ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በውሃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ ታሳያለች። በሽተኛው በድንገት ሲያልበው፥ ሲንቀጠቀጥና ነገር ሲጠፋበት፥ በደሙ ያለው ስኳር መውረዱን ዐውቆ ቶሎ ስኳር ወይም ማር እንዲቀምስ ታስተምራለች። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሕክምና እንዲያደርሱት ታስጠነቅቃለች። እግሩ መደንዘዝ አለመደንዘዙን መርምራ፥ በየማታው ቁስል እንዲፈልግና በባዶ እግሩ እንዳይሄድ ትመክራለች። ጾም ሲገባም «መድኃኒቱን እየወሰዱ ይጾማሉን?» ብላ ትጠይቃለች፤ ምግቡን ትቶ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው የሚወጋ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነውና። ጠበል የሚሄደውንም እምነቱን ሳታቃልል «መርፌዎን ይዘው ይሂዱ» ትለዋለች።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች፥ በሆስፒታል ሐኪሞች እየተጎበኙ፥ የስኳር በሽተኞችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። በዚህም ብዙ ገበሬ ለመድኃኒቱ ሲል እስከ ከተማ የሚጓዘው ረጅም መንገድ ቀርቶለታል።

ይሁን እንጂ ይህን መልካም ሥራ አንድ ደብዳቤ ሊያፈርሰው ይችላል። ነርሲቱ ሠልጥና፥ በሽተኞቿን በየስማቸው ዐውቃ፥ ሥራው በተቃና ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። ምክንያቱ የሰው እጥረት እንጂ ክፋት አይደለም። ነገር ግን በእርሷ ፈንታ የሚመጣው ሰው ይህን ሙያ ያልተማረ ከሆነ፥ በሽተኛው ደጁን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ መምጣቱን ይተዋል። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው መድኃኒቱ ሲቋረጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። የዝውውሩ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ቍጥር ይሰጠዋል፤ የሟቹን ስም ግን ከዚያ ደብዳቤ ጋር የሚያያይዘው የለም።

ስለዚህ ክቡር አድማጭ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለፊርማ በቀረበልዎ ጊዜ ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት «ተተኪዋ ሠልጥናለችን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አልሠለጠነችም» ከሆነ፥ የምትሄደው የምትመጣውን አስተምራ እስክታስረክብ ድረስ ዝውውሩን ያቆዩት። ለመሥሪያ ቤቱ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት ነው፤ ለበሽተኛው ግን ሕይወቱ ነው።